መልስ፦ «ክሪፕ» ገና ሲወጣ ተወዶ ነበር?

አልነበረም ወንድሜ። የእንግሊዙ የሮክ ሙዚቃ ቡድን የሬዲዮሄድ ዘፈን «ክሪፕ» ገና ከመውጣቱ ተወዶ እንደሆነ ለጠየቅኸው፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ነጠላ ዜማው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1992 ሲወጣ በእንግሊዝ ከ78ኛ ደረጃ ፈቀቅ አላለም፤ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ሐዘን የበዛበት ነው ብሎ ገሸሽ አደረገው። ቀድማ ጆሮ የሰጠችው እስራኤል ናት፤ የሬዲዮ አቅራቢው ዮአቭ ኩትነር ደጋግሞ አሰማው። ቀጥሎ አሜሪካ ተቀበለችው፤ በ1993 እንደገና ሲወጣ በገዛ አገሩ 7ኛ ሆነ። ለእኔ ግን የዘፈኑ ነፍስ ከአዝማቹ በፊት ድንገት የሚጮኸው ጊታር ነው። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ጆኒ ግሪንዉድ የዜማው ለስላሳነት ስላልተመቸው ክሮቹን እንደ ተቆጣ ሰው መታቸው፤ ሊያበላሸው ብሎ አሳመረው! ቡድኑ ራሱ ኋላ ላይ ሰልችቶት ለዓመታት ከመድረክ አርቆት ነበር።