የሦስት ቀን ሥልጠና ይበቃል?

ጥያቄ፦ ረጅም ዘመን ያገለገልሁ የሳይንስ መምህር ነኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች በቡድን እየመረመሩ እንዲማሩ ይጠይቃል። የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደናል፤ አሠልጣኙ ራሱ ከእኛ ጥቂት ቀደም ብሎ የሠለጠነ ነበር። ከዚያ «ዝግጁ ነኝ» የሚል ቅጽ ቀረበልንና ፈረምሁ። በእርግጥ ዝግጁ ነኝን? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አይደሉም፤ ግን አይሸማቀቁ። ቅጹን ያዘጋጀው ሰውም በአዲሱ ዘዴ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተማረ አይመስለኝም።

ደቡብ አፍሪካ «ካሪኩለም 2005» የተባለውን ሥርዓተ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1998 ከአንደኛ ክፍል ጀመረች። በ2000 የገመገመው ኮሚቴ ያገኘው የተወሳሰበ ቋንቋ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ ጥድፊያና ያልበቃ ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው እዚያም በቅብብሎሽ ነበር የወረደው። እንዲህ ያለ ሥልጠና በየእርከኑ ይሳሳል፤ ክፍል ውስጥ ለቆመው መምህር የሚተርፈው መፈክሩ ነው። ጆይስና ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎችም ገለጻና ማሳያ ብቻቸውን ወደ ክፍል እንደማይሻገሩ፣ የሚያሻግራቸው በሥራ ላይ የሚገኝ የባልደረባ እገዛ መሆኑን ካሳዩ ቆይተዋል።

ስለዚህ መጽሐፉን በሙሉ በአንድ ዓመት ለመለወጥ አይነሡ። አብጠርጥረው የሚያውቁትን አንድ ምዕራፍ ይምረጡ፤ የኤሌክትሪክ ዑደት ይሁን እንበል። ለየቡድኑ ባትሪ፣ ሽቦና ትንሽ አምፖል ሰጥተው «አብሩት» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብድዎታል፤ እጅዎ ጠመኔ ይፈልጋል። ይታገሡ። አንድ ባልደረባዎ ከኋላ ተቀምጦ ተማሪዎቹን ይመልከት፤ ሽቦውን ማን እንደነካ፣ ማን ከጎረቤቱ እንደገለበጠ ይመዝግብልዎ። ሱፐርቫይዘሩን ግን አይጥሩ። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ በሚሞላ ሰው ፊት ደፍሮ የሚሞክር መምህር አላየሁም።

ፈተናውንም አብረው ይለውጡ። ክፍል ውስጥ ሲያስመረምሩ ከርመው በፈተና የኦምን ሕግ ብቻ ካስጻፉ፣ ተማሪዎችዎ ወዲያው «ማስታወሻ ይስጡን» ይሉዎታል፤ እውነታቸውን ነው። የተቋረጠ ዑደት ሥለው አምፖሉ ለምን እንዳልበራ ይጠይቋቸው።

የፈረሙትን ቅጽ ይተዉትና ለርእሰ መምህሩ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ በዚህ ሴሚስተር የሚሞክሩት አንድ ምዕራፍ መሆኑን፣ ለዚህም ባልደረባዎ በዚያ ክፍለ ጊዜ ከማስተማር ነጻ እንዲሆን መፈለግዎን ይግለጹ። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሳይወጣ ቢደርሳቸው ይሻላል።