ቢበር ወይስ ስትራስበርግ? ለፋንታሲ ቤዝቦል ልጆች

ሰሞኑን አንድ ወጣት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የ2026 ድራፍታችን ደርሷል። አምና ኢአርኤው ከሁሉም ዝቅ ያለውን ስታርተር ብወስድ ምን ትላለህ?» አለኝ። (ለአዲሶቹ፦ በፋንታሲ ቤዝቦል እውነተኛ ተጫዋቾችን በየተራ እንመርጣለን፣ ድራፍት የምንለው ይህን ነው፤ ከዚያ ሜዳ ላይ በሚያስመዘግቡት ቁጥር እንወዳደራለን። ስታርተር ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው ነው። ኢአርኤ ደግሞ በ9 ኢኒንግ፣ ማለትም በአንድ ጨዋታ ዙሮች፣ በአማካይ የሚቆጠርበት ነጥብ ነው፤ ሲያንስ ይሻላል።) ቶሎ መልሼለት ስልኩን ዘጋሁ። ሐሳቡ ግን አልለቀቀኝም። ከዓመታት በፊት ይህን የመሰለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ ልጅ ነበር። ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የሠራሁት ኢንሹራንስ ውስጥ ነው። የሰውን የኋላ ታሪክ እያየሁ የነገውን አደጋ ስገምት ኖሬያለሁ። ቤዝቦልንም የወደድኩት በዚሁ በኩል ነው። ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ቁጥር ደግሞ አይዋሽም።

ማርች 2020፣ ወረርሽኙ ሁሉን ነገር ከመዝጋቱ በፊት፣ አንድ ወዳጃችን ቤት ለድራፍት ተሰበሰብን። ቡና ተፈልቷል፣ ጠረጴዛው ላፕቶፕ በላፕቶፕ ሆኗል። ከተማው ገና ከደስታው አልወጣም። የከተማው ክለብ ናሽናልስ የ2019ን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ዎርልድ ሲሪስን፣ በልተዋል፤ ኮከቡም የእኛው ፒቸር ስቲቨን ስትራስበርግ ነበር። ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ባለው የዋንጫ ውድድር፣ በፕሌይኦፉ፣ 5 ጊዜ አሸንፎ አንዴም አልተሸነፈም።

ልጁ የጓደኛዬ ልጅ ነው። ኮሌጅ ጨርሶ ገና ሥራ መጀመሩ ነበር፤ ከእኛ ጋር ሲጫወትም የመጀመሪያው ነው። ተራው ሲደርስ ሁለት ስም ላይ ቆመ፤ ስትራስበርግና የክሊቭላንዱ ሼን ቢበር። የ2019 ቁጥራቸውን በእርሳስ ጎን ለጎን ጽፎ መጥቷል። ስትራስበርግ 209 ኢኒንግ፣ 251 ስትራይክአውት (በሦስት ስትራይክ ያስወጣው መቺ)፣ ኢአርኤ 3.32። ቢበር 214 ኢኒንግ፣ 259 ስትራይክአውት፣ ኢአርኤ 3.28። መንትያ በሏቸው። ስክሪኑ ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ጋሼ፣ የቱን?» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን አውቅ ነበር። ስትራስበርግ በ2010 ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደርጓል። በ2012 ክለቡ ለክንዱ ሰግቶ 159 ኢኒንግ ላይ አስቁሞታል። በ2018 የወረወረው 130 ኢኒንግ ብቻ ነው። ከዚያ በ2019፣ ፕሌይኦፉ ሲደመር፣ 245 ኢኒንግ ወረወረ። በአንድ ዓመት ያን ያህል ወርውሮ አያውቅም። ዕድሜውም 31 ሞልቷል። ቢበር ደግሞ 24 ነው፣ በዎክ (አራት ኳስ አበላሽቶ በነጻ) የለቀቀውም 40 ሰው ብቻ፤ ስትራስበርግ 56። ቢሮዬ እንዲህ ያለ ፋይል ቢመጣልኝ ሳላመነታ እወስን ነበር።

ግን ቤቱ ሁሉ «ስትራስበርግ! ስትራስበርግ!» ይላል። የቤቱ ባለቤት የናሽናልስን ቀይ ኮፍያ አጥልቋል። የሰው ደስታ ማደፍረስ ከበደኝና «ደስ ያለህን ውሰድ» አልኩት። ስትራስበርግን ወሰደ። ተጨበጨበለት።

ስትራስበርግ በዚያ በወረርሽኙ ባጠረ ሲዝን 5 ኢኒንግ ወርውሮ ለእጁ ቀዶ ጥገና ገባ። ከዋንጫው በኋላ የ7 ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ፈርሞ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጀመረው ጨዋታ በድምሩ 8 ነው። ቢበር በዚያው ዓመት በ1.63 ኢአርኤ የዓመቱን ምርጥ ፒቸር ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ በሙሉ ድምፅ ወሰደ።

በጨዋታው መሸነፍ ያለ ነው። የሚቆጨኝ፣ ያ ሁሉ ሰው እያለ ልጁ ወረቀቱን የገፋው ወደ እኔ መሆኑ ነው። አምኖኝ ጠየቀኝ፣ እኔ አፌን ያዝኩ። በዓመቱ ወደ ድራፍቱ አልመጣም፤ ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሄደ አሉኝ። በእኔ ምክንያት ቀረ አልልም። ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እናም ለደወለልኝ ልጅ፦ ኢአርኤ ብቻውን ያታልላል። ኳሱ ከተመታ በኋላ ጉዳዩ ከፒቸሩ እጅ ይወጣል። ቮሮስ ማክራከን የሚባል ሰው በ2001 ይህን ጽፎ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። ከሜዳ የሚወጣውን ሆምራን ትተን፣ ከተመቱት 10 ኳሶች 3ቱ ገደማ ሂት ይሆናሉ፣ ማለትም መቺው ቤዝ ላይ ይደርሳል፤ ለጎበዙም ለደካማውም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ በራሱ እጅ ያለውን እዩ። ስትራይክአውቱ ከዎኩ ምን ያህል ይበልጣል? ከዚያ ደግሞ ክንዱ ምን አሳልፏል? አምና ዝቅተኛው ኢአርኤ የፖል ስኪንስ ነበር፣ 1.97። ጎበዝ ነው፣ ውሰደው። የምትወስደው ግን ለ216 ስትራይክአውቱ ይሁን።

ድል መቁጠር ይቅርባችሁ። ስኪንስ አምና 10 አሸንፎ 10 ተሸንፏል። ጄከብ ዲግሮም በ2018፣ በ1.70 ኢአርኤ፣ 10 አሸንፎ 9 ተሸንፏል። ሁለቱም ሳይ ያንግ ወስደዋል። ቡድናቸው ካላስቆጠረ ምን ያድርጉ?

የሜዳውንም ነገር አትርሱ። ደንቨር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ ፒቸሩ የሚያጥፈው ኳስም እንደልብ አይታጠፍም። አዲስ አበባ በከፍታ ከደንቨር በብዙ ትበልጣለች። ያደግኩበት ሰፈር ቤዝቦል ቢኖር ኖሮ ፒቸር ሁሉ ያለቅስ ነበር።

የሊጋችሁን የነጥብ አቆጣጠር አንብቡ ብዬ አልመክራችሁም፤ ያንን ታውቃላችሁ። የማይገባኝ የዛሬ ልጆች አፑ ለሚያወጣው የተጫዋቾች ደረጃ መገዛታችሁ ነው። ክሊፕ ታያላችሁ፣ ሙሉ ጨዋታ ግን አታዩም። አንድ ፒቸር ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ሲደክም ትከሻው ምን እንደሚሆን ክሊፕ ላይ አይታይም። ቁጥሩን አስቀምጡና ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ቢበርም ቢሆን አልተረፈም፤ በ2024 ክርኑን ቀዶ ጥገና ገባ። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ዙር ፒቸር አትውሰዱ የምለው። መቺዎቹን ያዙ፣ ፒቸር ከሦስተኛው ዙር በኋላም ይገኛል። ታሪክ ስኩባል የሚባለው ፒቸር ሲቀር። ክንዱ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና አይቷል፤ በእኔ ሒሳብ መሸሽ ነበረብኝ። ግን 2024ን በ228 ስትራይክአውትና በ2.39 ኢአርኤ ጨርሶ ሳይ ያንግ ወሰደ፣ በ2025 ደገመው። ከጀመረ እስኪወጣ ስንቴ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ተራዬ ደርሶ ስሙ ካለ እወስደዋለሁ።