መልስ፦ ለቴክሳስ የሽጉጥ ፈቃድ የተኩስ ፈተና ስለ መዘጋጀት

ጎጃም ውስጥ ቢቸና ላይ በምንሽር ጠመንጃ ዒላማ መምታት የለመደ ሰው ለቴክሳሱ የሽጉጥ ፈተና የተለየ ልምምድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ በእርግጥ ያስፈልገዋል። ፈተናው 50 ጥይት ነው፤ 20ው ከ3፣ 20ው ከ7፣ 10ሩ ከ15 ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) ይተኮሳሉ፣ ከ250 ነጥብም 175 ያሳልፋል። ለጎጃም ተኳሽ ርቀቱ የሚያሰጋ አይደለም።

የሚያስቸግረው ቃታው ነው። የለመድነው ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ የጣትን ጥድፊያ ይችላል፤ ሽጉጥ ግን በእጅ ብቻ የሚያዝ በመሆኑ ቃታው በድንገት ሲሳብ አፈሙዙ ያዘቀዝቃል፣ የቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይትም አብዛኛውን ጊዜ ከዒላማው በታች በስተግራ ያርፋል። ስለዚህ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል አስቀምጠው፣ የሽጉጡን ካዝና (የጥይት መያዣውን) አውጥተው፣ ጥይት የሚጎርስበት ቦታ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ፣ ጥይት ወደማያሳልፍ ግድግዳ አነጣጥረው ቃታውን በዝግታ መሳብን በየዕለቱ ይለማመዱ፤ ከምንም በላይ አጥብቄ የምመክርዎ ይህንን ነው። ዓይንዎም ከዒላማው ይልቅ በአፈሙዙ ጫፍ ባለችው ማነጣጠሪያ ላይ ይዋል።

በፈተናው ዕለት የአሠልጣኙ ትእዛዝ ሳይሰጥ ጣትዎን ቃታው ላይ አያሳርፉ።