እናቴ አንቲባዮቲክ ሳትወስድ ጀርሙ እንዴት መድኃኒት ለመደ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እናቴ ለቀዶ ጥገና ገብታ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች። ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ግን ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ገብቶላት ነበርና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዛት። ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያሳይ ምርመራ) ተሠርቶ «ብዙ መድኃኒት የተላመደ ነው» ተባልን። እናቴ እኮ እንኳን አንቲባዮቲክ፣ ፓናዶልም በልመና ነው የምትውጠው! ታዲያ መቼ ለመደችው?
ልጇ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናትዎን እግዜር ይማርልን። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል፤ መድኃኒቱን የለመዱት እናትዎ አይደሉም፣ ባክቴሪያው ነው። «ሰውነቴ ለመደው» የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል።

ጉዱ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ባክቴሪያውም ራሱ ላይሆን ይችላል የለመደው፤ ከጎረቤቱ ወስዶት ይሆናል። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይባል የለ? (ይቅርታ፣ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።) መድኃኒት የሚያመክነው ዘረመል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ፕላስሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ሁለት ባክቴሪያዎች ሲገናኙ አንዱ እንደ ቀጭን ክር ያለ ነገር ዘርግቶ ሌላውን ይስብና የቀለበቱን ቅጂ ያቀብለዋል። ሰጪው ምንም አይጎድልበትም፣ በስልክ ፎቶ እንደመላክ ነው። ተቀባዩም የግድ የሰጪው ዘር መሆን የለበትም። አንድ ቀለበት ላይ ደግሞ የበርካታ መድኃኒቶች መከላከያ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል፤ «ብዙ መድኃኒት» የተባላችሁት አንድም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቀድመው ያሳዩት ጃፓኖች ናቸው፣ በ1959 እ.ኤ.አ.። ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ አራት መድኃኒቶችን ባንዴ አልበገር ብሎ አስቸግሯቸው ነበር። ከአንጀት ነዋሪው ኢ. ኮላይ ጋር አብረው ሲያሳድጉት መከላከያው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር አገኙት።

ሆስፒታል ለዚህ ሁሉ ይመቻል። አንቲባዮቲክ በብዛት ስለሚሰጥ ደካማው ባክቴሪያ ይሞትና ሜዳው ለለመደው ይለቀቃል። ካቴተሩ፣ የአልጋው ብረት፣ ያልታጠበ እጅ ደግሞ መንገድ ይሆኑታል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን የእጅ መታጠቢያውን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለው የብሔራዊ ጤና ተቋም ሆስፒታል በ2011 እ.ኤ.አ. አንዲት ታካሚ ክሌብሲየላ የሚባል መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ይዛ ገባች። ለብቻዋ ተለይታ ታክማ ወጣች። ከሳምንታት በኋላ ግን ያው ጀርም ሌሎች ላይ ብቅ አለ፤ በጠቅላላው 18 ታካሚዎች ላይ ተገኘ፣ 11ዱ ሞቱ፣ ከነሱም የስድስቱ ሞት ምክንያት ራሱ ኢንፌክሽኑ ነበር። ሲፈለግ የመታጠቢያ ፍሳሽ ውስጥም፣ በበረኪና የጸዳ የመተንፈሻ ማሽን ላይም ተገኘ። በኋላ የሕንፃው ቆሻሻ ውሃ መውረጃ ሲመረመር ደግሞ እነዚያን መሰል የፕላስሚድ ቀለበቶች የተሸከሙ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ተገኙ።

ስለዚህ እናትዎን ሲጠይቁ ገብተውም ወጥተውም እጅዎን ይታጠቡ። የተረፈ ሻይና ጭማቂ መታጠቢያው ላይ አይድፉ፣ ለጀርሙ ቀለብ ነው። ካቴተሩ አሁንም ካለ «ዛሬ ሊወጣ አይችልም ወይ?» ብለው ነርሷን ይጠይቁ፤ አያፍሩ። የካልቸሩን ውጤት ወረቀትም እንዳይጥሉት። ሌላ ጊዜ እናትዎ ሲታመሙ ሐኪሙ መጀመሪያ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።