ከፍ ያለ ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ ይለዩ

ወንድሜ፣ በሱሉልታው የወተት ላሞች እርባታዎ ካሜራዎቹ፣ የወተት ማቀዝቀዣው ሙቀት መለኪያዎችና የውኃ ፓምፑ መቆጣጠሪያ በአንድ ዋይፋይ ሲሠሩ የፓምፑ ትእዛዝ ዘግይቶ እንደሚደርስ ገልጸው፣ ከፍ ያለ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት ይበጅ እንደሆነ ጠይቀዋል። በለገጣፎና በሰንዳፋ ዙሪያ ለእርባታዎች ኔትወርክ ስዘረጋ በተደጋጋሚ የገጠመኝ ጉዳይ ነው፤ ጥቅሉን ለጊዜው ባይነኩት እመርጣለሁ።

በአንድ የዋይፋይ ቻናል (መሣሪያዎቹ በጋራ በሚጠቀሙበት የሬዲዮ ሞገድ ክፍል) ላይ በአንድ ጊዜ የሚልከው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አየሩ ነጻ እስኪሆን ተራ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚከፋፈለው ሀብት ጊዜ ነው። የ1500 ባይት ፓኬት (መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) ይዘት በሰከንድ 54 ሜጋቢት ሲላክ ከሩብ ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲግናሉ ደክሞ ወደ 1 ሜጋቢት የወረደ መሣሪያ ግን ያንኑ ፓኬት ለመላክ አየሩን ለ12 ሚሊሰከንድ ይይዛል። ከቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ የተሰቀለች አንዲት ካሜራ ግቢውን ሁሉ የምታዘገየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የፓምፑ አጭር ትእዛዝም በቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ጀሪካን ከደረደረ ሰው ኋላ አንድ ጆግ ይዞ እንደቆመ ሰው ይሆናል።

ካሜራዎቹ እየሠሩ ሳለ በዋይፋይ ከተገናኘ ኮምፒውተር መጀመሪያ ወደ ራውተሩ፣ ቀጥሎም ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ፒንግ ያድርጉ፤ ይህም አጭር የሙከራ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መለካት ነው። ወደ ራውተሩ የሚደረገው የመልስ ጊዜ ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ በግቢው አየር ላይ ነው፤ እሱ ተረጋግቶ የውጭው ብቻ ካሻቀበ ግን ወረፋው የተከማቸው ወደ ኢንተርኔት በሚወጣው መስመር ላይ ነው።

ችግሩ አየሩ ከሆነ፣ ካሜራዎቹን በኬብል ማገናኘትን የሚያህል መፍትሔ አላየሁም፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ኤሌክትሪኩንም በዚያው ኬብል የሚያደርስ ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎችን የሚያገናኝ ሣጥን) ይበቃል። ኬብል የማይደርስባቸውን ወደ 5 ጊጋኸርትዝ ያዛውሩ፤ 2.4 ጊጋኸርትዙን ለመለኪያዎቹና ለፓምፑ ትተው፣ የቻናሉን ስፋት በ20 ሜጋኸርትዝ ወስነው ከ1፣ ከ6 ወይም ከ11 ቻናሎች ጎረቤት ያልያዘውን ይምረጡ። ራውተሩ ላይ ያለውን የቅድሚያ አገልግሎት መክፈት ብቻውን ብዙም አይረዳም፤ ፓኬቱ ራሱ የቅድሚያ ምልክት መያዝ አለበት፣ ርካሽ መለኪያዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምልክቱን አያደርጉም። ዋይፋይ 6 የሚባለው አዲስ ትውልድ አንዱን ቻናል በአንድ ጊዜ ለብዙ መሣሪያዎች ማካፈል ቢችልም፣ የቆዩ መሣሪያዎች ከዚህ አይጠቀሙም።

መስመሩ ከሆነ ደግሞ ካሜራዎቹ ወደ ውጭ የሚልኩት ምስል የራውተሩን ወይም የሞደሙን ቋት (ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበትን ማከማቻ) ሞልቶታል ማለት ነው። ኤፍኪው-ኮደል ወይም ኬክ የሚባለውን የወረፋ አያያዝ የሚደግፍ ራውተር ካለዎት፣ የመላኪያ ፍጥነቱን መስመሩ በሚጨናነቅበት የምሽት ሰዓት ለክተው ከልኬቱ ጥቂት ዝቅ አድርገው ይገድቡ። ከዚህም በላይ የምመክርዎት የፓምፑ ትእዛዝ ከግቢው ጨርሶ እንዳይወጣ ነው፤ በመሣሪያዎች መካከል አጫጭር መልእክቶችን የሚያቀባብል የኤምኪውቲቲ መልእክት አስተላላፊ ፕሮግራም ራስፕበሪ ፓይ በምትባል አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ቢጭኑ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥም ፓምፑ ይታዘዛል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያዎቹ በአንድ ቅጽበት ለመገናኘት ስለሚሻሙ፣ ፕሮግራማቸው የሚፈቅድ ከሆነ መለኪያዎቹ እስከ 1 ደቂቃ በሚደርስ የተለያየ የጥበቃ ጊዜ እንዲነሡ፣ የፓምፑ መቆጣጠሪያ ግን ሳይጠብቅ ወዲያውኑ እንዲገናኝ ያድርጉ።