ዲግሪ ይዤ መጋዘን ውስጥ ስካነር ልያዝ?

ጥያቄ፦ በሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ዘንድሮ ተመረቅሁ። አንድ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ኮድ በሚያነብ የእጅ ኮምፒውተር (ስካነር) ዕቃ የምረከብበትና ወደ መገጣጠሚያው መስመር የማወጣበት ሥራ ሰጥቶኛል። ቤተሰቦቼ «ለስቶር ሥራ ነው እንዴ የተማርሽው?» ይሉኛል። ልግባ ወይስ የቢሮ ሥራ ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ግቢበት እልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ አጣሪ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

አንድ መኪና እስከ ትንሿ ብሎን ሲቆጠር ወደ 30,000 የሚጠጋ ክፍል አለው። ከነዚህ አንዱ በሰዓቱ ካልደረሰ መስመሩ ይቆማል። ዛሬ ለክፍያና ለሜኑ የምንጠቀምበት ኪውአር ኮድ የወጣውም ከዚሁ ጭንቀት ነው። ለቶዮታ ክፍሎች በሚያቀርበው በጃፓኑ ዴንሶ፣ አንድ ባርኮድ 20 ገደማ ፊደልና ቁጥር ብቻ ስለሚይዝ ሠራተኞቹ አንድ ሣጥን ላይ ብዙ ባርኮድ እየደጋገሙ ማንበብ ታክቷቸው ነበር። ማሳሂሮ ሃራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጡት ኮድ ከ7,000 በላይ አኃዝ ይይዛል፤ ዘይት ቢነካው ወይም ቢፋቅም እስከ 30 በመቶ ጉዳት ችሎ ይነበባል። መነሻው ስካነር የያዙት ሠራተኞች ቅሬታ መሆኑን ለቤተሰቦችሽ ንገሪልኝ።

በእኛ አገር ደግሞ ሥራው ይከብዳል። መገጣጠሚያዎቻችን ክፍሎቹን በአብዛኛው በኮንቴይነር፣ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያስመጡት። አንድ ከረጢት ብሎን ቢጎድል መርካቶ ወርዶ መግዛት አይቻልም። ጉድለቱ ኮንቴይነሩ በተከፈተ ዕለት ከታወቀ ለአቅራቢው ወዲያው ይጻፋል፣ የምርት ዕቅዱም ይስተካከላል። መስመር ላይ ከታወቀ ግን ግማሽ የተገጠመ መኪና ቆሞ ዕቃ ከባሕር ማዶ ይጠበቃል። በሁለቱ መካከል ያለሽው አንቺ ነሽ።

ዕቃው የተደረደረበት የእንጨት መደብ፣ ፓሌቱ፣ ሲወርድ መለያውን ታነቢያለሽ። በብዙ የመኪና አቅራቢዎች መለያ ላይ «ፒ» የክፍሉን ቁጥር፣ «ኪው» ብዛቱን፣ «ቪ» አቅራቢውን ያመለክታሉ። ቀጥሎ የመደርደሪያውን ኮድ ታነቢያለሽ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዕቃው የት እንዳለ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል፣ በእጅ የሚጻፈው የዕቃ መመዝገቢያ ቢን ካርድ እስኪሞላ አይጠበቅም። መስመር ላይ ሣጥን ባዶ ሲሆን ደግሞ ሠራተኛው ኮዱን ያነብና ጥያቄው ፎርክሊፍቱ ላይ በተገጠመው ስክሪን ይወጣል። ተራ ስማርትፎን ለዚህ አይሆንም። መሣሪያው ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል፣ በጓንት ይነካካል፣ ባትሪው በፈረቃ መሃል ይቀየራል። አይፒ67 የሚል ካየሽበት 6ቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ 7ቱ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንደሚቋቋም ይነግርሻል።

አጣሪ ያልኩሽ ይህን ነው፦ ዕቃው የሚነበበው ሲንቀሳቀስ ነው ወይስ ፈረቃ ሲያልቅ? ቀን በወረቀት ተጽፎ ማታ ጠረጴዛ ላይ የሚነበብ ከሆነ ያ መሣሪያ ጌጥ ነው፤ አንቺም ከጸሐፊነት የዘለለ ነገር አትማሪበትም። በብረት መደርደሪያዎቹ መሃል ዋይፋይ ሲጠፋ ንባቡ የት እንደሚቀመጥም ጠይቂ። ለዚህ ጥርት ያለ መልስ ያለው አለቃ ሥራውን ያውቃል።

ከገባሽ በኋላ ሲስተሙ 40 አለ ሲልሽ መደርደሪያው ላይ 36 የምታገኚበት ቀን ይመጣል። ቁጥሩን አስተካክለሽ ብቻ አትለፊ። ሳይነበብ የወጣ አለ? መለያ ተቀያይሯል? ተመላሽ ዕቃ ሳይመዘገብ ቀርቷል? ቀኑን፣ የክፍሉን ቁጥርና ምክንያቱን ጻፊ። ብዙዎች ስካነሩን ይለምዱና እዚያው ይቀራሉ፤ ወደ ፕላኒንግ (የምርት ዕቅድ ክፍል) የሚያሻግርሽ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማወቅሽ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይም የምታቀርቢው እውነተኛ ሥራ ይኖርሻል። ጎን ለጎን ኤክሴልሽን አጠንክሪ፣ ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልን ጀምሪ፤ ሥራውን ከለመድሽ በኋላ ደግሞ ሲፒአይኤም የተባለውን የምርት ዕቅድና ክምችት ሰርተፊኬት አስቢበት።

ውል ከመፈረምሽ በፊት የሌሊት ፈረቃ መኖር አለመኖሩን ጠይቂ፤ ካለ ሰርቪስ እንደሚመደብልሽ በጽሑፍ ይስጡሽ።