ያልቆጠራችሁትን አትፈርሙ

በሂሳብ አያያዝ ተመርቆ በምዕራብ ጎጃም አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ግምጃ ቤት የተቀጠረ ልጅ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ ሥልጠና ላይ የግል እሴቶቻችሁን ጻፉ ተባልንና ታማኝነት፣ ትጋት፣ ቤተሰብ ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠውም ያንኑ ጻፈ። የራሴ መሆናቸውን በምን ዐውቃለሁ?» አለኝ። በኦዲት ሥራ ብዙ ግምጃ ቤት አይቻለሁ፤ ጥያቄው ግን ወዲያው የመለሰኝ ወደ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ይህን ጥያቄ በጊዜው የሚያነሳለት አላገኘም፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ሰውየው የአንድ መሠረታዊ ማኅበር ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የሰው ንብረት የማይነካ፣ ለመሐላ እንኳ የሚጠራ ሰው። ግንቦት ላይ፣ ገበሬው በቆሎ ሊዘራ ማዳበሪያ በሚጠባበቅበት ሰሞን፣ ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ የጫነ መኪና ሊመሽ ሲል ደረሰ። የጭነት ሰነዱ 300 ከረጢት ይላል። ዝናብ ስላንዣበበ ወዛደሮቹ ተሯሩጠው አራገፉ። ሲቆጠር 276 ሆነ። ሾፌሩ «ቀሪው 24 ነገ በሚመጣው መኪና ይደርሳል፤ እኔ ግን ዛሬውኑ መመለስ አለብኝ» አለ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሟል። ሰውየውን ያስቀጠረው እሱ ነው፤ የክርስትና አባቱም ነው። «ፈርምለትና ይሂድ እንጂ፣ ሰው በዝናብ ልናቆም ነው?» አለው። የዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ላይ 300 ብሎ ፈረመ።

ሃያ አራቱ ከረጢት ሳይመጣ ቀረ። አንዱ 50 ኪሎ ነውና የጎደለው 12 ኩንታል ማዳበሪያ ነው። ሾፌሩ ሲጠየቅ «አስረክቤያለሁ፣ ፊርማችሁ ያውና» አለ። ሰውየው ያኔ እንኳ ለቦርዱ ቢያመለክት ኖሮ ነገሩ ገና አልተበላሸም ነበር። እሱ ግን ጉድለቱን የዕቃ ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ጥቂት በጥቂት «የተቀደደ»፣ «እርጥበት የነካው» እያለ መጻፍ ጀመረ። ማዳበሪያ እርጥበት ሲነካው ይጋገራል፣ ከረጢትም ይቀደዳል፤ ብልሽት መመዝገብ በግምጃ ቤት ያለ ነገር ነው። ነገር ግን ብልሽት ኮሚቴ አይቶት ቃለ ጉባኤ ተይዞለት ነው እንጂ በግምጃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ብቻ አይቀነስም። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ቃለ ጉባኤ ተፈለገ፣ የለም። በሰው እምነት የተጀመረው ጉድለት የዚያን ቀን የማጭበርበር መልክ ያዘ። ሊቀመንበሩ «እኔ ፈርም አላልኩም» አለ። አባትየው ጥማድ በሬያቸውን ሸጠው ዕዳውን ከፈሉ፤ በሬ ሲታጣ መሬቱ ለእኩል ተሰጠ።

ይህ ሰው አንድ ከረጢት አልወሰደም። ማድረግ ያለበትንም ያውቅ ነበር፦ ሞዴል 19 ላይ 276 ብሎ በአኃዝም በፊደልም መጻፍ፣ በጭነት ሰነዱ ላይ «24 ከረጢት ጎድሏል» ብሎ ሾፌሩን ከነታርጋ ቁጥሩ ማስፈረም፣ ቀሪው ሲመጣ ሌላ ሞዴል 19 መቁረጥ። ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሰውየውን የጣለው እውቀት ማጣት አይደለም፤ ክፋትም የለበትም። ታማኝነት ለሱ አለመስረቅ ብቻ ነበር። አለመስረቅን ጠበቀ፤ ፊርማውን ግን የሚጠብቅለት ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እሴታችሁን በስም አትጻፉት። «ታማኝነት» የሚለውን ማንም ይጽፈዋል፣ ሌባም ይጽፈዋል። በግስ ጻፉት፣ ወሰን ይኑረው፦ «ያልቆጠርኩትን አልፈርምም።» «ባልመረመርኩት በሽተኛ ካርድ ላይ ውጤት አልሞላም።» «ልጄ የሚማርበትን ክፍል ፈተና አላርምም።» እንዲህ ሲጻፍ ያከበራችሁበትና የጣሳችሁበት ቀን ይታወቃል። ከሦስት በላይ አትጻፉ። ሰባትና ስምንት የሚጽፍ ሰው ሲጨንቀው ከዝርዝሩ ውስጥ የሚመቸውን ይመዛል፤ ትሕትናን ጠቅሶ እውነት ከመናገር ያመልጣል።

የትኞቹ ሦስት? እናንተ በዚህ ዘመን ያላችሁ ልጆች ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ አንደበታችሁ የተፈታ ነው፤ እኛ በናንተ ዕድሜ እንዲህ አልነበርንም። የሚያሳስበኝ በየቀኑ በምትለጥፉት ጥቅስ የራሳችሁን ኑሮ አለማየታችሁ ነው። ስልኩን ተዉትና አንድ ደብተር ግዙ። ለአንድ ወር፣ ሠላሳውን ቀን ሁሉ፣ ማታ ማታ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሳትገደዱ ያወጣችሁትን ገንዘብ፣ ከሥራ ውጭ ያለው ሰዓት የት እንደገባ፣ በዕለቱ ያናደዳችሁን ወይም ያሳፈራችሁን ነገር። በማግስቱ አትጻፉ፤ ያደረ ነገር ይጸዳል፣ ሰው ራሱን ያሳምራል። ጥርን አትምረጡ፣ የሠርግ ወር ስለሆነ ወጪው የናንተ ሳይሆን የልማድ ነው። ዐቢይ ጾምም አይሆንም። ጥቅምት ደኅና ወር ነው። በሠላሳኛው ቀን ገንዘብም፣ ሰዓትም፣ ንዴትም ደጋግመው ያረፉበትን ክበቡ። ቤተሰብን ያስቀደመ መስሎት ወሩን ሙሉ እናቱ ጋ አንድ ጊዜ ብቻ የደወለ ሰው ያን ጊዜ ይደነግጣል። ደብተሩ የሚያሳየው ዛሬ በተግባር ያላችሁን እሴት እንጂ የምትመኙትን አይደለም፤ የምትመኙትን ማከል ትችላላችሁ፣ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ።

ቀጥሎ ይሉኝታን ለዩ። ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ከእሴቱ ብዙው ይሉኝታ መሆኑን ሳያውቅ ይኖራል። እኔ ይሉኝታን አልንቅም። ቀብር ላይ ዕድሩ የሚሞላው፣ ወንፈል የተረዳ ሰው ተራው ሲደርስ የሚመለሰው በይሉኝታ ጭምር ነው። ግን ያን ሰው 300 ብሎ ያስፈረመውም ይኸው ነው። መለያው፦ ማንም ወደማያውቀኝ አገር ብሄድ ይህን አደርገዋለሁ? ድሮ ቅኔ ሊማሩ ዋሸራና ዲማ የሚወርዱት ልጆች ይህን ፈተና አልፈዋል። ዘመድ በሌለበት፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንጠልጥለው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ቁራሽ ለምነው፣ በሠሯት ጎጆ እያደሩ ተማሩ። ሁለት ቤት ካላት አጭር ቅኔ፣ ከጉባኤ ቃና፣ ተነስቶ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ እስኪቀኝ የቆየው ማንም «በርታ» ሳይለው ነው። እርግጥ ቁራሹን የሰጠችው የገጠር እናት «ተማሪ ከደጄ ባዶ እጁን ቢመለስ ምን ይሉኛል» ብላ የሰጠችም ትኖራለች፤ ስለዚህ ሁለቱን ፈጽሞ ለያዩ አልልም። የትኛው እየገፋችሁ እንደሆነ ግን ዕወቁ።

ሦስተኛው ነገር ገንዘብ ነው፤ መካሪዎች ሲያነሱት አልሰማም። ያ ሰው ሊቀመንበሩን እምቢ ቢል ሥራውን ያጣ ነበር፣ በእጁ ደግሞ የአንድ ወር ወጪ እንኳ አልነበረውም። እምቢ ማለት አቅም ይፈልጋል። የሦስት ወር ወጪያችሁን ለብቻው አስቀምጡ። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር የሚበቃው ሰው 18,000 ብር ያስፈልገዋል፤ በወር 1,000 ቢያስቀምጥ በ18 ወር ይሞላል። ዕቁብ ለዚህ አይሆንም፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ደመወዝ በሚገባበት ደብተርም አይሁን፤ ሌላ የባንክ ደብተር ክፈቱ።

አባባሉንም ቀድማችሁ አዘጋጁ። «አልፈርምም» ስትሉ ጠብ ይነሳል። «የቆጠርኩትን ልፈርም፣ ቀሪው ሲመጣ ወዲያው ሌላ ሞዴል 19 እቆርጥለታለሁ» ብትሉ ግን ሰው ሳታዋርዱ ወሰናችሁን ትጠብቃላችሁ። ይህን በሥራ በገባችሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ችግር ሳይኖር፣ ለአለቃችሁ ንገሩት። መኪና ደጅ ላይ ቆሞ ዝናብ ሲመጣ የሚነገር ደንብ ሰበብ ይመስላል።

እሴትና ዘመድ ሲጋጩስ? መጋጨታቸው አይቀርም። ወንድማችሁ በአደራ ከያዛችሁት ነገር ሲጠይቃችሁ የሚያስጨንቃችሁ ከራሳችሁ የምትሰጡት የተቆረጠ ነገር ስለሌላችሁ ነው። በየወሩ ለዘመድ የምትችሉትን ለዩ፣ 500 ብርም ይሁን። ያን ጊዜ ከአደራው አንዳች ሳትነኩ ከኪሳችሁ ታወጣላችሁ። ያቺ ካለቀች በሚቀጥለው ወር ተመለስ በሉት፤ ይቀየም ይሆናል፣ ቂሙን ቻሉት።

ሦስቱን በየዓመቱ ጷጉሜን ላይ አውጥታችሁ እዩ፣ ጊዜው ለዚህ ይመቻል። በእያንዳንዱ ሥር ዓመቱን ሙሉ ምን እንዳስከፈላችሁ ጻፉ፦ ብር፣ ወዳጅ፣ ዕድገት፣ እንቅልፍ። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ምንም ያላስከፈለ ካለ ወይ ወሰኑ ላልቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም የናንተ አልነበረም፤ ወሰኑን አጥብቃችሁ አንድ ዓመት ሞክሩት፣ ካልሆነ ሰርዙት። የጣሳችሁትን ግን በዚያው ዓመት አትሰርዙ። የት ቦታ፣ በማን ፊት፣ ምን ብትፈሩ እንደጣሳችሁት ጻፉና ፍርሃቱ የገንዘብ ከሆነ ቁጠባውን፣ የሰው ከሆነ አባባሉን አስተካክሉ።